ጨው የበሉት ዶሮዎች

አርባ የስጋ ዶሮ የገዛሁት ለአባቴ ስል ነው፤ ለሳቸው ግን አልነገርኋቸውም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሽንዲ ገጠር ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብየ ፍኖተ ሰላም ቤቴ አመጣኋቸው። ሥራ ፈትቶ መዋል ደግሞ አልሆነላቸውም። ጧት ቢሮ ስሄድ በረንዳ ላይ፣ ማታ ስመለስም እዚያው። በሳምንቱ «ልጄ፣ እንግዳ ሲውል ሲያድር ይከብዳል፤ ልሂድ» ማለት ጀመሩ። ወይ ጉድ! በገዛ ልጃቸው ቤት እንግዳ! እኔም «ዶሮ ላረባ ነው፤ ያለ እርስዎ አይሆንልኝም» ብየ ዋሸሁ። ዶሮ እንኳን ላረባ ሽታውንም አልወድ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬ ሲያደልቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጫጩቶቹ በወር ውስጥ እንደዚያ ሲደልቡ ቢያዩ ነፍሳቸው መለስ አለች። «እነዚህማ የቀራቸው ሻኛ ብቻ ነው» እያሉ ይስቃሉ። የተዘጋጀው መኖ ከገበያ ሲጠፋ፣ ጎረቤታችን የሆነችው የእንስሳት ሐኪም በቆሎ አስፈጭተን የኑግ ፋጉሎ በልኩ እንድንቀላቅልበት መከረችን። ያው ፋጉሎ ኑጉ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ነው። አባቴ ስሙን ሲሰሙ ከበረንዳው ብድግ አሉ። «ፋጉሎን ለኔ ተይው!» ቡሬ ድረስ ራሳቸው ሄደው፣ መጭመቂያው ደጅ ቆመው፣ አንዷን ስባሪ በጥርሳቸው ቆርጥመው፣ አሽትተው፣ መርጠው ገዙ። ኬሻውን ከባጃጅ ሲያወርዱ ያየሁትን ፊት እናቴ ከሞተች ጀምሮ አላየሁትም ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ይህን መኖ በበሉ በአራተኛው ቀን ከቢሮ ስመለስ አምስት ዶሮ ሞቷል። የቀሩት ውሃው ላይ ተረባርበው ይጠጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ አይረኩም። ወለሉ ሁሉ በኩሳቸው ርሷል። ጎረቤቴን ጠራኋት። ከሞቱት የአንዱን ሆድ ከፍታ አየችና አባቴን ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ምን ሰጥተዋቸው ነበር?»

«በቆሎና ፋጉሎ ነዋ፣ እንዳልሽው።»

«ሌላስ?»

«ጨው ነዋ! ያለ ጨው ፋጉሎ ምን ይጥማል? ለበሬየ እንኳ ከፋጉሎው ጋር ጨው ነፍጌው አላውቅም፤ ለነዚህ ልንፈግ?»

ሐኪሟ ዶሮ እንደ በሬ ያን ያህል ጨው እንደማይችል በለሰለሰ ቃል አስረዳቻቸው። ነገሩ በዚያ ባበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ስቆጣ አፌን አላውቀውም። «ምነው ሳይጠይቁ! እስቲ አርፈው ይቀመጡ!» ብየ ጮኽሁባቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው! እንዳይቀመጡ ብየ አይደል ይህን ሁሉ ዶሮ ያመጣሁት? አባቴ የሞቱትን ጓሮ ቀበሩ፤ የቀረውን መኖ ደፉ፤ ለተረፉት ንጹህ ውሃ ቀዱ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ተኙ።

ጧት ስነሣ ጋቢያቸው የለም፤ ዱላቸውም ኮረጇቸውም የለም። በነጠላ ጫማና በቤት ቀሚስ ሮጬ መናኸሪያ ደረስሁ። የሽንዲ መንገድ በቡሬ ነው፤ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ ጥግ ተቀምጠዋል። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል።

«አባየ፣ ይውረዱ እንጂ።»

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው በሬ ነው። የቀሩትንም እንዳልፈጅብሽ ልሂድ።»

«ይፍጇቸው! ዶሮ መቼ ወድጄ ነው? የገዛኋቸው እርስዎ እንዳይሄዱብኝ ብየ ነው!»

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንባየ ቀድሞኛል። አባቴ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

«ታዲያ አርባ ዶሮ ከምትገዥ» አሉኝ፣ «ይቆዩልኝ አትይኝም ነበር?»

እውነታቸውን ነው። ከሽንዲ ሳመጣቸው ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው አልሁ፤ ክረምቱ ከባድ ነው አልሁ፤ ሰው ምን ይለኛል አልሁ። ይህችን አንዲት ቃል ግን አንድም ቀን አላልኋቸውም። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል በእጄ ያዝሁት።

«ይቆዩልኝ፣ አባየ።»

«በይ ያዥ» ብለው ኮረጇቸውን በመስኮት አቀበሉኝ።