በመዳፋቸው ላይ የሣልኩት መስመር

ስኳር በሽታ የአማካሪዬን የዓይን ብርሃን ጨርሶ የወሰደው የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን አጋምሼ ሳለ ነበር። ትምህርት ክፍሉ ሌላ ሰው ሊመድብልኝ ሲል እምቢ አልኩ። እሳቸውም «ጆሮዬ ደኅና ነው፤ እየመጣሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ቀሐ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው እወርድ ጀመር።

የማጠናው ከእንፍራንዝ አጠገብ ካለው የጉዛራ ግንብ የረገፈ የኖራ ፍርፋሪ ነበር። የዱሮ ግንበኞች ኖራውን ከምን ጋር እንዳቦኩት ማወቅ ፈልገን ነው። የሌዘር ጨረር ፍርፋሪው ላይ ሲያርፍ ከላዩ ጥቂት ይተንና እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ያ ብልጭታ ፕላዝማ የሚባል እጅግ የጋለ ጋዝ ነው። እጅ አይነካው፣ ቴርሞሜትር አይገባበት፤ ስለ ራሱ የሚናገረው በብርሃኑ ብቻ ነው። ብርሃኑ በመሣሪያ ሲበተን እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን መስመር ያወጣል፤ መስመሩም ላፕቶፔ ላይ እንደ ኮረብታ ጫፍ አውጥቶ ይሣላል፤ በፕላዝማው ውስጥ ኤሌክትሮኖች በተጨናነቁ ቁጥር መስመሩ ይሰፋል። እኔም የካልሲየምን መስመር ስፋት ለክቼ፣ የኖራውን ቅይጥ ለማወቅ የሚያስፈልገውን የኤሌክትሮኖቹን ብዛት አስልቼ፣ ጽሑፌን ልጨርስ ተቃርቤ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ውጤቱን ሳነብላቸው አቋረጡኝ።

«ቁጥሩን ተይው። መልኩን ንገሪኝ። ጫፉ እንዴት ነው?»

«መሐሉ ላይ ጎድጎድ ብሏል፣ ጋሼ። ኮርቻ ይመስላል።»

 «ኖራ ካልሲየም የበዛበት ነው» አሉ። «ውስጡ ያወጣውን ብርሃን ዳር ዳሩ ያለው ቀዝቀዝ ያለ እንፋሎት እየዋጠው ነው። መስመሩን ያሰፋው ኤሌክትሮኑ ብቻ አይደለም። በዚህ መስመር አትቁጠሪ፣ ልጄ።»

«የማስገቢያዬ ጊዜ እኮ ደርሷል!» ድምፄ ከፍ አለ። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው አዩኝ።

«አውቃለሁ። ከኖራው እርጥበት የሚወጣውን የሃይድሮጅን ቀይ መስመር ፈልጊ። እሱ እንዲህ በቀላሉ አይዋጥም።»

ዳገቱን እያለቀስኩ ወጣሁት። ሰኞ ግን ላብራቶሪ ገባሁ። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ሌዘሩ እስኪረጋጋ መጠበቅ ነው። በዚያው ሰሞን እሳቸው ጠናባቸውና ሆስፒታል ገቡ፤ እህል መቅመስም ተዉ።

ቀዩን መስመር እንዳገኘሁ ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ባለቤታቸው ከግርጌ ነበሩ። ድምፃቸው ከመድከሙ የተነሣ ጎንበስ ብዬ ነው የምሰማቸው። መዳፋቸውን ዘረጉልኝና «ሣዪልኝ» አሉ። ከአውራ ጣታቸው ሥር ጀምሬ በጣቴ ቀስ እያልኩ ወጣሁ፤ ጫፉ ላይ ደረስኩ፤ በወዲያኛው በኩል ወረድኩ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ጎድጓዳ የለውም?»

«የለውም።»

«የኤሌክትሮኑ ብዛትስ?»

«ከበፊቱ በጣም አነሰ።»

«ሸጋ ነው» አሉ። «እሱን ጻፊ።»

ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ጽሑፌን ዘግይቼ አስገባሁ፤ አለፈም። ውጤቱን ስሰማ የምነግረው ሰው ፈልጌ፣ ስልኬን አውጥቼ፣ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

በአርባቸው ዕለት ባለቤታቸው ከዳሱ ወጣ አድርገው ጠሩኝ።

«ያን ቀን ሆስፒታል እጁ ላይ የምትጽፊለት ጸሎት ነበር?»

«አይደለም፣ እትዬ። የትምህርት ነገር ነው።»



«ይሁን፤» አሉ። «ያን ዕለት እህል ቀምሶ ነበር።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ለቀስተኞቹ ተመለሱ።