የሙሀመድሰይድ የጀርባ ውሃ

ቆቦ ገበያ የሚወራው እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊው ሙሀመድሰይድ ሌሊቱን ተቀምጦ የሚያድረው የጎረቤቱን ወሬ ለቀበሌ ሊለቅም ነው። ሐኪሞች ከጀርባው አንድ ጀሪካን ውሃ ቀድተው በምትኩ የካድሬ ደም ሞልተውበታል። ወሬው ሮቢት ሲደርስ ጀሪካኑ በርሜል ሆነ፤ ጎብዬ ላይ ቦቴ መኪና ቆሞ ቀዳ፤ ዋጃ ላይማ የማሽላ ማሳ ጠጥቶበታል።

ግን ሰውየው ካፖርት ደርቦም የማሽላ አገዳ ነው የሚያክለው፤ ያን ሁሉ ውሃ የት አስቀምጦት ነበር? ሰላይስ ቢሆን፣ የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲያድል ከሰልፉ ጭራ ምን አቆመው?

ነገሩ የጀመረው ማጅራት ገትር በተፈራበት በ1973 በጋ ነው። ትኩሳት ቢይዘው ሆስፒታል ወሰዱትና፣ ያ በሽታ እንዳይሆን ለማየት ከጀርባው በመርፌ ጥቂት ውሃ ቀዱለት። አልነበረም። ትኩሳቱም ለቀቀው። የመርፌው ቀዳዳ ግን አልደፈን ብሎ ውስጥ ለውስጥ ያፈስ ጀመር። ቀና ሲል ራሱ ሊፈነዳ ይደርሳል፣ ሲጋደም ይተወዋል። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሁሉም ለመፈክር ብድግ ሲል እሱ ወለሉ ላይ ይዘረጋል፤ ሊቀመንበሩ ይህን አቋም ከየትኛው መስመር እንደሚመድቡት ጨነቃቸው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዳምጤ፣ ያለ ትራስ በጀርባው ይተኛ፣ እንዳይነሳ ብሎ አዘዘ። ሚስቱ ኡሙልኸይር ቃሉን አንድ ሳታስቀር ያዘች።

ሦስት ሳምንት ተኝቶ ባይሻለው ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰ። ሐኪሙ ከራሱ ከበሽተኛው ክንድ ደም ስቦ እዚያው ጀርባው ላይ አስገባለት፤ ደሙ ረግቶ ቀዳዳውን ደፈነው። ሙሀመድሰይድ በእግሩ ከአውቶቡስ ሲወርድ አልሐምዱሊላህ ያላለ የለም።

በሁለተኛው ቀን ራሱን እንደገና አመመው። ይኼኛው ግን ተገልብጦ ነው የመጣው፤ ሲተኛ ይብስበታል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲቀመጥ ይቀለዋል። ቀዳዳው ሲዘጋ ውሃው ጭንቅላቱ ውስጥ በዝቶበት ኖሯል፤ ይህን ቤቱ ውስጥ ማን ይወቅ? ኡሙልኸይር ራሴን ሲል ሰማችና ትራሱን ነጠቀችው። እነሳለሁ ሲል ጎረቤት ጠራች። የሰፈሩ ወንድ በፈረቃ ተመድቦ ትከሻውን ይጫን ጀመር፤ ቀበሌው ለልማት ሲጠራው እንዲህ ተደራጅቶ አያውቅም።

«ኧረ በአላህ፣ ልቀመጥ» ይላል።

«ዳምጤ ያለውን ረሳኸው? ተኛ የኔ ጌታ» ትለዋለች፣ እያለቀሰች።

ዘጠኝ ቀን ተይዞ ሰነበተ። በአሥረኛው ክር ስጡኝ ብሎ መርፌ ቢያነሳ ሁለት መርፌ ታየው፤ ማታውን የዓይኑ ዳር ዳር ጨለመበት።

ዳምጤ ተጠርቶ መጣና ማን አስተኙት አላችሁ ብሎ ጠየቀ። ኡሙልኸይር በጣቷ ራሱን ዳምጤን አመለከተችው። እሱም ሌላ ሳይጠይቅ ደግፎ አስቀመጠው። ሆስፒታል ውሃ የሚያሸና ኪኒን ሰጡት፣ ሕመሙም ቀለለው። የግራ ዓይኑ ግን ጠፋ፤ የቀኙም ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም። ዛሬም ጋደም ሲል ስለሚያመው ግድግዳ ተደግፎ ያድራል። ስለ ደሙና ስለ ሰላይነቱ መጀመሪያ ያወሩትም ትከሻውን የያዙት ናቸው።

አንድ ቀን ከነሱ አንዱ፣ ሸረፈዲን፣ ያልተሰፋ ጨርቁን ሊወስድ መጣ። ጨርቁን ብብቱ ውስጥ ከከተተ በኋላ ነው፣ እውን ሌሊት ታዳምጠናለህ ወይ ያለው።

«ውሸት ነው» አለ ሙሀመድሰይድ፣ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ። «ከጀርባዬ የተቀዳው የሽቶ ብልቃጥ አይሞላም። የገባውም ደም የራሴ ነው። ለማንም አልሰለልኩም። የማልተኛው ስተኛ ስለሚያመኝ ነው። ነግሬያችሁ ነበር።»