ጋሽ አንጁሎ ደጋግመው የጠየቁኝ ቃል

«ይሄ አድቬንቸረስ የሚሉት ቃል... ትርጉሙ ምንድነው የኔ ልጅ?»

ዘመኑ ደርግ፣ ሰፈሩ ሽሮሜዳ፣ ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በራችን ላይ የቆሙት ጎረቤታችን ጋሽ አንጁሎ ናቸው። ቀን ሸማ ይሠራሉ፣ ማታ ማታ ይማራሉ። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቴን ከተዋሱኝ ሳምንት ሆኗቸዋል።

ግቢያችን ውስጥ ደግሞ አንድ አብዮት ጥበቃ ተከራይቶ ይኖራል። በዚያች ሰዓት ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። ጋሽ አንጁሎ ስንት ቃል እያለ፣ በጥበቃው ፊት፣ ይሄንኑ መርጠው ይጠይቁኛል? ያኔ ጀብደኛ የተባለ ልጅ ከቤቱ ተወስዶ በዚያው ይቀራል... ነገር ሸተተኝ።

«እ... አደጋ የማይፈራ፣ ጀብዱ የሚወድ ማለት ነው» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እስቲ በዓረፍተ ነገር ንገሪኝ።»

ጭራሽ! ከጉለሌ የራቀ ሰው ፈለግሁና «መርከበኛው አድቬንቸረስ ነበር» አልኳቸው። ባሕር በሌለበት ሰፈር መርከበኛ ማንን ያሳስራል?

እሑድ ተመልሰው መጡ። ያው ቃል! መጽሐፉን ወደኔ እየገፉ «ገጹን አውጥተሽ ራስሽ እይው» ይሉኛል። እኔ እጄን አልዘረጋም አልኩ። «ይያዙት ጋሼ፣ አልቸኩልም» ብዬ በሩን ዘጋሁት። ለእናቴም «ሰውየው ጆሮ ጠቢ ናቸው፣ ሰላምታም ይቅርብን» አልኳት።

ሰኞ ግን መጽሐፉን በግድ አስጨበጡኝ። ጥበቃው ቀና ብሎ አየን።

«ቃሉን ዛሬውኑ እይው፣ አደራ» ብለውኝ ሄዱ።

ገባሁና ገጹን ገለጥኩት። ቃሉ ላይ የታጠፈ ወረቀት ተቀምጧል። እንደኔው በመዝገበ ቃላቱ የሚጠቀመው የታላቅ ወንድሜ የእጅ ጽሑፍ ነው... መንግሥትን የሚያወግዝ፣ ሊበተን የተዘጋጀ። ሮጬ እናቴን ጠራኋት። ከእናቴ ጋር የወንድሜን ፍራሽ ስንገለብጥ ሌላ አንድ እቅፍ ወረቀት አገኘን። ሁሉንም ምድጃ ውስጥ ከተትነው።

ሐሙስ አሰሳ መጣ። ፍራሹን ገለበጡ፣ መዝገበ ቃላቱን ገጽ በገጽ አራገፉት። ምንም የለም። ወንድሜ ተረፈ።

ነገሩ ሲረጋጋ ጋሽ አንጁሎ ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ ለምን ዝም ብለው አላቃጠሉትም?» አልኳቸው።

«እሱን ባቃጥል፣ ሌላ እናንተ ቤት ቢገኝስ?» አሉኝ፣ መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ።

ለካ ያንን ወረቀት ይዘው ሦስት ቀን ሙሉ በጠመንጃ ፊት ሲመላለሱ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሰላምታ ነፍጌያቸዋለሁ... ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

አሁን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ለዚያ ቃል ምሳሌ ስጪን ሲሉኝ መርከበኛውን ትቼዋለሁ፤ «ሸማኔው አድቬንቸረስ ነበር» ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፍላቸዋለሁ።