የተፈናጣጮቹ ጠበቃ

ከዙቤዳ ጋር አንድ ካርድ ክፍል ውስጥ መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል። ጎባ ሆስፒታል አብሬያት ስሠራ ጸጉሬ ያለጊዜው የሸበተው በዕድሜ እንዳይመስላችሁ፤ በእሷ ጥያቄ ነው። በሞተር ሳይክል የተጎዳ ሰው መስኮታችን ላይ ሲቆም እኔ «የሞተር አደጋ» ብዬ ጽፌ ቶሎ ወደ ሐኪሙ ልሰደው እላለሁ፤ እሷ እጄን ትይዘኛለች። «ቆይ እስቲ። ነድቶ ነው ተፈናጥጦ?»

አባቷ አብዶ ጎባ ገበያ ጨው ይሸጡ ነበር። ጨው ለሚገዛው ሁሉ «ለሰው ነው ለከብት?» እያለች ነው ያደገችው፤ ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ትታ አታውቅም።

እርግጥ የሞተሩ ጥያቄ የራሷ ፈጠራ አልነበረም። የአደጋ መለያ ቁጥሮችን የያዘው አዲሱ መጽሐፍ የነጂውን ቁጥር በሁለት፣ ከኋላ የተቀመጠውን በሦስት ጨርሱ ይላል። እሷ ግን በዚያ መች ረክታ! እንዴት ተቀምጠሽ ነበር? መንገዱ ጭቃ ነበር? ሰልፈኛው ያጉረመርማል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ እሷ በካርዱ ጀርባ ትጽፋለች። «መጽሐፉ ያላዘዘሽን ምን ልታደርጊበት ነው?» ስላት፣ «መጽሐፉን የጻፈው ሰው እዚህ ባሌ ድረስ መጥቶ ሞተር ላይ ተፈናጥጦ አያውቅም» አለችኝ። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም የተባለው ለእሷ ነው።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምት ነገር መጣ። ሮቤ የነበረ አንድ የክትባት ቡድን ሴት ክትባት ሰጪዎቹን በሞተር እያፈናጠጠ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ሴቶቹ ተራ በተራ እየወደቁ ወደ እኛ ይመጡ ጀመር፤ የአንዷ ክንድ፣ የሌላዋ ትከሻ። ነጂዎቹ ደህና ናቸው። በዚያው ሞተር የሚፈናጠጡ ወንዶችም ደህና ናቸው። የቡድኑ ኃላፊ ወልደአማኑኤል ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ግን ደነገጡ። ከወሩ መጨረሻ በኋላ ሴት ሞተር ላይ አትወጣም፣ በሴቶቹ ቦታ ወንዶች ይቀጠራሉ ብለው ወሰኑ።

ከሚሰናበቱት አንዷ የዙቤዳ የአክስት ልጅ ሰይዳ ነበረች። ያን ሥራ እንደ ሰይዳ የወደደ ሰው አላየሁም። አራስ ቤት ባዕድ ወንድ አይገባም፤ እሷ ግን ትገባለች፣ በኦሮምኛ ታጫውታለች፣ እናትየው ስትስቅ ልጁ ተከትቦ ያልቃል። የስንብቱን ወሬ ይዛ መስኮታችን ላይ ስታለቅስ እኔ ወንበር አቀረብኩላት። ዙቤዳ ግን አላባበለቻትም። «እንባሽን ጥረጊ፤ ገና አልተሸነፍንም» አለቻት።

መጀመሪያ የጠረጠረችው አቀማመጡን ነበር። ብዙዎቹ ሴቶች ሁለት እግራቸውን በአንድ ጎን ገጥመው ነው የሚፈናጠጡት። ነገር ግን ከወደቁት መካከል እንደ ወንድ አንፈራጥጠው የተቀመጡም ነበሩ። መልሱን ያገኘችው ትከሻዋ ወልቆ ከመጣችው ክትባት ሰጪ፣ ከሃጂራ ነው።

«ሃርኪ ኬ ኤሰ ቱሬ? እጅሽ የት ነበር?» አለቻት።

«የክትባቱን ሳጥን አቅፌ ነዋ! ብልቃጦቹ ይሰበሩ?»

«በሁለቱም እጅሽ?»

«በሁለቱም።»

«ነጂውን ለምን አልያዝሽውም?»

ሃጂራ ሕመሟን ረስታ ተቆጣች። «ነጂው ወዚር ባሌ ነው? ወንድሜ ነው? ወገቡን አቅፌ በገበያ መሃል ልለፍ? አስተግፊሩላህ!»

ዙቤዳ ብዕሯን አስቀመጠች። ወንዱ የነጂውን ወገብ ይይዛል፤ ሴቷ ነውር ስለሆነባት ሳጥኗን አቅፋ በአላህ ጥበቃ ብቻ ትሄዳለች። በሽታው ይኸው ነበር።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ሰይዳን አስከትላ ሮቤ ወረደች። እኔም ይህ ጉድ እንዳያመልጠኝ ሰበብ ፈጥሬ ተከተልኳቸው። ኃላፊው አዳምጠዋት ሲያበቁ ሳቁ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? አብዮቱ እኩል አድርጎናል፤ ይያዙት!»

«ወላሂ አልይዝም!» አለች ሰይዳ።

«እኔም አልያዝም» አለ ወዚር ከበሩ ላይ። «ጓድ፣ ሚስቴ የምትውለው ገበያ ነው። እርስዎ ያስታርቁኛል?»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ዙቤዳ ብቻ አልሳቀችም። «ጓድ ወልደአማኑኤል፣ የማይሆነውን አይዘዙ። ሰው መያዝ ካልቻሉ ብረት ይያዙ። ከመቀመጫው ኋላ መጨበጫ፣ ለሳጥኑም ማሰሪያ ይበየድላቸው። ሰይዳን ይሞክሯት፤ ከወደቀች የፈለጉትን ያድርጉ።»

ሰውየው አገጫቸውን አሹ። «እሺ፤ ከነገ ወዲያ አጋርፋ ደርሳ ትመለስ። ከወደቀች ግን ነገሩ አለቀ።»

በያጁ ዳቢሴ መጨበጫውን ከአሮጌ የአልጋ ብረት ሠራው። ዙቤዳ ሞተሩ ላይ ወጥታ ብረቱን በሙሉ ክብደቷ ሳበችው፤ ላላ፤ እንደገና አስበየደችው። «ይሄ ለሰው ነው ለዝሆን?» አለ ዳቢሴ። «ለአክስቴ ልጅ ነው» አለችው።

የሙከራው ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ተቀደደ። ሰይዳና ወዚር ሲወጡ መንገዱ ጥቁር ጭቃ ብቻ ነበር። እኛ ቢሮው በረንዳ ላይ ስንጠብቅ ዙቤዳ ለመቀመጥ እምቢ አለች፤ ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል። እኔ ፈርቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ወዚር እስከ ቅንድቡ ጭቃ ለብሷል። ከኋላው ሰይዳ ነጠላዋ ረጥቦ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ወድቃችኋል!» አሉ ኃላፊው ጭቃውን አይተው።

«እኔ ወድቄያለሁ» አለ ወዚር። «ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ ድርቅ ሲል በመሪው ላይ አልፌ ሄድኩ። እሷ ከብረቷ ጋር ቀረች። ጭራሽ እኔን ያነሳችኝ እሷ ናት!»

ሰይዳ ወርዳ ሳጥኑን ፈታችና ከኃላፊው ፊት ከፈተችው። ባዶ ነበር።

«ሄደሽ መምጣት ብቻ ነበር እኮ የታዘዝሽው» አሏት።

«መድኃኒት ይዤ በአራስ ደጅ እንዴት ዝም ብዬ ልለፍ? ዛሬ ሁሉንም ጨርሻለሁ። ለነገ ይሙሉልኝ።»

ወልደአማኑኤል ባዶውን ሳጥን አዩ፣ ሰይዳን አዩ፣ ከዚያ ወደ መጋዘኑ ዞረው ጮኹ። «ሙሉላት! ሌሎቹንም ሞተሮች ዳቢሴ ዘንድ ውሰዷቸው!»

ዙቤዳ እልልታዋን ለቀቀችው። ሰይዳ ተቀበለቻት፣ የቢሮው ሴቶች ተከተሉ፣ እኔም ሳላስበው አብሬ እልል አልኩ። ወንድ ልጅ እልል አይልም የሚል ካለ፣ ያን ቀን ሮቤ አልነበረም።