የወገቤ ልክ

ከሚዛን ጋር የተጣላሁት መስከረም ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ከምሠራበት መዝገብ ቤት ፊት ለፊት አንድ መድኃኒት ቤት አለ፤ በሩ ላይ ሚዛን ያቆማል። ጠዋት ስወጣበት ሰማንያ ዘጠኝ ይለኛል፤ ከሰዓት፣ ምሳ እንኳ ሳልበላ፣ ዘጠና ከግማሽ። «ይሄ ነገርህ ደህና ነው?» አልኩት ባለ መድኃኒት ቤቱን። «ሚዛኑስ ደህና ነው» አለኝ፣ ከላይ እስከ ታች እያየኝ። እስከ ዛሬ ራሴን ሲያመኝ ክኒን የምገዛው ከሌላ ሰፈር ነው።

መቀነስ የፈለግኩት ለማማር አይደለም። ደሜ ውስጥ ስኳር ተገኝቶ ነው። አባቴን የወሰደው ስኳር ነው፤ መጀመሪያ የእግሩን አውራ ጣት፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻም ራሱን። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሐኪሙ «ገና ጅምር ነው፤ ሆድሽ ከቀነሰ ያለ መድኃኒትም ሊስተካከል ይችላል» ሲለኝ የሰማሁት «ጅምር» የምትለዋን ብቻ ነው። በጣም ፈራሁ። ቤቴ ገብቼ ካልሲዬን አውልቄ የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው።

ከሚዛኑ ጨርሳ ያፋታችኝ የጤና ጣቢያችን ሲስተር ናት። «እትዬ፣ ይተዉት እሱን» አለችኝ። «ውሃ ቢጠጡም ይጨምራል፣ ቢያልብዎትም ይቀንሳል። የእርስዎ ጠላት ወገብዎ ላይ ነው የተቀመጠው። እሱን ይለኩ።» ከመሳቢያዋ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ ሰጠችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በእምብርት ትክክል። ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ክንድ። የመጀመሪያው ቀን ወገቤ አንድ መቶ ስምንት ሴንቲ ሆነ፤ ካላንደሩ ጀርባ ላይ ጻፍኩት።

ለስላሳ ተውኩ፣ ጣፋጭ ተውኩ፣ ባጃጅ ተውኩ። ሥራ በእግሬ እየሄድኩ በእግሬ እመለሳለሁ። ጥቅምት ገባና ስለካው አንድ መቶ ዘጠኝ። በሳምንቱ አንድ መቶ አሥራ አንድ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ተነሣሁና ሜትሩን ጠቅልዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። «ይኸው ዕቃሽ! ይሄም እንደ ሚዛኑ ውሸታም ነው» አልኳት። «እስቲ እዚሁ ይለኩልኝ» አለች። ለካሁላት።

ሲስተሯ ወንበሯ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ለካ የለካሁት በሹራብ ላይ ኖሯል፤ ሹራቡ ከሌላ ሹራብ በላይ፣ ያኛው ደግሞ ከሁለት ካናቴራ በላይ። ውርጩ በጠና ቁጥር አንድ እየደረብኩ፣ ቅዳሜ ሲደርስ ድርቡን ሁሉ አብሬ እለካለሁ። «እትዬ፣ ማውለቅ አለብዎት እኮ!» «በጥቅምት? በደብረ ብርሃን? አብደሻል?» አልኳት። እዚህ አገር ሰው ልብስ የሚያወልቀው ለመታጠብ ነው፤ እሱንም እየተማረረ። እሷ ከአዋሽ የመጣች ልጅ ናት፣ አይገባትም። እንባዋን እየጠረገች ሜትሩን መልሳ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ።

እንዲህ ሆኖ ነው ከገላዬ ጋር የተገናኘሁት። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ እስክትገባ ብርድ ልብስ ውስጥ እጠብቃለሁ። ብርሃኑ ወለሉን አልፎ አልጋው ጋ ሲደርስ ተነሥቼ እዚያች የሞቀች ቦታ ላይ እቆማለሁ። ሜትሩ ቆዳዬን ሲነካ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ትንፋሼን ይሰበስበዋል። ከትንፋሼ የሚወጣው ጭስ ብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ይበተናል። ውጭ የጋሪ ደወል ይሰማል፣ ይርቃል። እዚያ ቆሜ ስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ አላውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን ሆድ ስሸፍነውና ስሰድበው እንደኖርኩ አስብና ያሳዝነኛል፤ በእጄ ዳበስ አደርገዋለሁ። አንድ መቶ አምስት። አንድ መቶ ሁለት። አንዳንድ ሳምንት ምንም የለም። ጥር ሲገባ ዘጠና ሰባት።

ቢሮ ግን ወሬው ሌላ ነው። ድሮ ስወፍር «ተመችቶሻል!» የሚሉኝ ሰዎች አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምነው ከሳሽ? ደህና ነሽ?» ይሉኛል። «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ አያምኑኝም። ስኳሩን ለማንም አልተናገርኩም፤ ከሁሉም ይልቅ ለእናቴ። እናቴ አንኮበር ብቻዋን ነው የምትኖረው። አባቴ ከሞተ ወዲህ «ስኳር» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ሻይ ውስጥ የሚጨመረውን እንኳ «ያ ነገር» ነው የምትለው። ይቺን ሴት በምን አፌ ልንገራት?

ከጥምቀት በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ሚኒባሱ አንኮበር ሲደርስ ጉሙ ከቆላው እየወጣ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። የማውቀውን አጥር በእጄ እየዳበስኩ ነው ግቢዋ የደረስኩት። በር ላይ ቆማለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ ልጄን! ምን በላብኝ! አጥንትሽ ቀርቷል እኮ!» እኔ ደግሞ ገና ሚኒባስ ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ የምይዝ ሴት ነኝ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው እማዬ» አልኩ። ወዲያው የገብስ ገንፎ ቀረበ፣ መሐሉ በቅቤ ሞልቶ። ሦስት ጊዜ ጎርሼ ጠገብኩ አልኩ። ዓይኗ ከእጄ ላይ አልተነሣም። ደከመኝ ብዬ መደቡ ላይ ጋደም አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከዓይኗ ለመሸሽ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ ጉሙ ቀስ እያለ ወደ ቤት ይገባል። እንቅልፍ ይሁን ሰመመን አላውቅም። አባቴ ራስጌዬ የተቀመጠ መሰለኝ፣ በሁለት ደህና እግሩ። አንዲት ቀጭን ነገር ወገቤን ስትዞር ተሰማኝ። ቅዳሜ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ስንት ሆነ ልል አፌን ስከፍት ነቃሁ።

እናቴ ናት። አጠገቤ ተንበርክካ ራሷ በፈተለችው ክር ወገቤን ትለካለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ጮህኩባት።

«ዝም በይ፣ ስለት ነው። ለማርያም ተስያለሁ። ልጄን እንደ ድሮዋ መልሺልኝ፣ ያ ገላዋ ይመለስላት፣ በቁመቷና በወገቧ ልክ ጧፍ አመጣልሻለሁ ብያታለሁ።»

ደሜ ፈላ። አራት ወር በብርድ ተራቁቼ፣ እየራበኝ ያወረድኩትን ሥጋ እናቴ እየጸለየች ልትመልስብኝ! «ምን ዓይነት ጸሎት ነው! እንዳልሞት እኮ ነው የከሳሁት! ስኳር አለብኝ!» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ቀረ።

ክሩን በጣቷ ትጠቀልል ጀመር። ጉሙ ፊቷን አደብዝዞብኛል።

«አባትሽም ሲጀምረው ከሳ» አለች በመጨረሻ። «የራበው መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ማር በቅቤ እየመታሁ አጠጣው ነበር። እየጠጣ ይከሳል፣ ሲከሳ እጨምርለታለሁ። ሐኪም ቤት ጣፋጭ እንደሚያብስበት ሲነግሩን ቆሜ ሰማሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።»

«አላወቅሽማ፣ እማዬ።»

«አላወቅኩም። ግን በዚህ እጄ ነው።»

አቀፍኳት። ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ፤ ሁለታችንም ተላቀስን። ቆይታ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና «አሁን ማርያምን ምን ልበላት? አወፍሪልኝ ብዬ ለምኛት!» አለች። ሳቄ አመለጠኝ። እሷም እያለቀሰች ሳቀች።

አመሻሽ ላይ እራት አቀረበች። ሰሐኑን ፊቴ አስቀምጣ ቆማ አየችው። ስድስት ልጆች «ጨምሩ፣ ምን በላችሁ!» እያለች ያሳደገች፣ እንግዳ እጁን ታጥቦ እንኳ አንድ ጊዜ አጉርሳ የምትለቅ ሴት ናት። ጎንበስ አለችና እንጀራውን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ወደ መሶቡ መለሰችው።

«ይኼ ይበቃል?» አለችኝ።

«ይበቃል፣ እማዬ» አልኳት።