የአምስት ደቂቃው መምህር

ቲቸር አግማስ እንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነበሩ። በየጠዋቱ ከደሴ ሆጤ በሚኒባስ ተሳፍረው ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። አንድ አመል ነበረባቸው፤ የእኛ አገር ሰው ልጁን ሊድር ሲል ሰባት ቤት እንደሚቆጥረው እሳቸውም አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከያዙ ዘሩን ቆጥረው ሳይጨርሱ አይለቁም። እንስቅባቸው ነበር። እንግሊዝኛ የሚባለው ነገር ወደ ጆሮዬ የገባው ግን በዚያው ዘር ቆጠራ ነው።

በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ፕላዝማ የሚሉት የማስተማሪያ ቴሌቪዥን መጣ። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይወርድልን ጀመር፤ የቲቸር ድርሻ መግቢያ አምስት ደቂቃ፣ መዝጊያ አምስት ደቂቃ ሆነ። ይህ «የትምህርት ጥራት» ይባላል። ቲቸር አግማስ አንዴ ሰዓት አሳለፉና ግምገማ ላይ «ከፕላዝማው ጋር ይሻማሉ» ተባሉ፤ ሂሳቸውን ዋጡ።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ቀስ በቀስ ከመሃላችን ሄዱ። መግቢያው ወደ ሁለት ደቂቃ ወረደ፤ መዝጊያው ጭራሽ ቀረ። በኋላማ ከሰሌዳው ፊት ተነስተው መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከእኔ ጎን መቀመጥ ጀመሩ።

አንድ ማክሰኞ የፕላዝማዋ መምህርት «ፌድ» የሚለውን ቃል አምጥታ ትርጉሙን ጠየቀችን፤ ለመልሱም ዐሥር ሰከንድ ሰጠችን። በሺር፣ የክፍላችን ፈጣን፣ «መሸሽ ማለት ነው» ብሎ መለሰ። «በጣም ጥሩ» አለችው። እንደማትሰማን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዝም ብንልም ታመሰግነናለች። ቲቸር አግማስ ከኋላ ሆነው ልክ አይደለም አሉ። በሺር ዞር ብሎ፣ በትሕትና፣ እሷ ግን ልክ ነው ብላለች አላቸው። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ።

ሳቁ ሳያልቅ መብራት ጠፋ። ቲቸር አግማስ ተነሱና ስባሪ ጠመኔ ፈልገው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ጨርቅ ሲወይብ፣ አበባ ሲጠወልግ፣ ወደ ደጋን የሚሄድ መኪና ድምፁ እየራቀ እየራቀ ሲጠፋ፣ ሁሉም ፌድ ነው አሉን። ቃሉ ለእንግሊዞች የመጣላቸው ከጥንት ፈረንሳዮች ነው፤ እነሱ ዘንድ የገረጣ፣ ጣዕም የሌለው ማለት ነበር። ከዚያ ወደ ላቲን ሲወጡ ግን ሊቃውንቱ ራሳቸው አይስማሙም ብለው፣ የሁለቱን ወገን ሙግት ሊያሳዩን መስመር አሰመሩ። ድምፃቸው የዱሮው ሆነ። ሰውዬው ተመለሱልን ብዬ ደስ አለኝ።

ላቲኑ ላይ እንዳሉ መብራት መጣ። ዐርባ ሰባት አንገት ወደ ፕላዝማው ዞረ፤ የእኔም አለበት። ጀሊላ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ፣ ተነስታ አጠፋችው።

«ወላሂ፣ ይጨርሱልን» አለች።

ክፍሉ ጮኸባት። ፈተናው የሚመጣው ከፕላዝማው እንጂ ከላቲን አይደለም አልናት። አልናት ስል እኔም ብያለሁ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ቲቸር አግማስ ጠመኔውን አስቀመጡ። ከዚያ ሄደው ፕላዝማውን በራሳቸው እጅ ከፈቱት።

«ተቀመጪ ልጄ» አሏት ጀሊላን። «ልክ ናቸው። ፈተናውን የማወጣው እኔ አይደለሁም።»

መምህርቷ ወደ ሌላ ቃል አልፋ ነበር። ቲቸር አግማስ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡና አንድ ወረቀት ገንጥዬ እንድሰጣቸው ለመኑኝ። ሰጠኋቸው። እሷ የምትለውን እንደ እኛው መጻፍ ጀመሩ።