ሁለት አባት ያለው ወንድሜ

ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እኔ እያለቀስኩ፣ ታናሽ ወንድሜ ደምለው እያፏጨ። እውነቴን ነው፣ ያፏጭ ነበር! አባታችን በሞተ በዓመቱ አጎታችን ርስታችንን ቀምቶ አርሶ ዘርቶበት፣ እናታችን በር ላይ ቆማ እያነባች፣ እሱ የአህያችንን ጭነት እያጠበቀ ያፏጫል። ከአንድ ማኅፀን ወጥተን ጠባያችን እንዲህ መለያየቱ ያን ቀን ገረመኝ።

ዓባይን በታንኳ ተሻገርን። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለት እሳላለሁ፤ እሱ ከቀዛፊው ጋር ስለ አዞ ይጫወታል። ኡኬ የምትባል ቆላ መንደር ስንደርስ ወባ ጣለኝና አሥር ቀን ተኛሁ። በአሥር ቀን ውስጥ ደምለው ኦሮምኛ ጀምሮ፣ መንደርተኛው ሁሉ በስሙ እየጠራ "አከም ቡልቴ?" ይለው ነበር። እኔን እንዴት አደርሽ ያለኝ የለም። እርግጥ እኔም ለማንም ሰላምታ አልሰጠሁም፤ ግን ታምሜ ነበር እኮ!

ነቀምቴን ምን ብዬ ልንገራችሁ? የእኛ አገር ዝናብ መጥቶ ይሄዳል፤ የዚህኛው ግን ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል። ጤፍ የለመደ አፌ የበቆሎ ቂጣ አልቀበልም አለ። ደምለው ግን ጩምቦ የሚሉትን በቅቤ የራሰ ወፍራም ቂጣ ሲያቀርቡለት ጣቱን ይልሳል፤ አንጮቴ የሚሉትንም ሥር ከቡሬ ድንች ይበልጣል ብሎ ይምላል። ይበልጣል! በምን አፉ?

ያከራዩን ኦቦ ፈይሳ የሚባሉ ልጅ ያልወለዱ ሽማግሌ ናቸው።

"ጣሪያው ያፈሳል" አልኳቸው።

"ዝናቡ ሲያባራ ይተዋል።"

"መቼ ነው የሚያባራው?"

"አንቺ መቆጣት ስትተዪ፣ ያ ኢንተላ" ብለው ሳቁ። ኢንተላ ማለት ልጄ፣ አንቺ ልጅ እንደ ማለት ነው። ልጃቸው አይደለሁም ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ደምለው ሳይጠየቅ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን በሣር ደፈነ፤ ማታውን እዚያው እሳቸው ቤት በላ። ከዚያ ወዲያ እኔ ቤት የበላበትን ቀን መቁጠር ይቀለኛል።

በሁለተኛው ዓመት የእናቴ ደብዳቤ መጣ። አጎታችንን ከሳዋለች፤ ችሎቱ ግን የሁለታችንንም ውክልና ይፈልጋል። አንዳችን ከጎደልን ርስቱ ለአጎታችን ይጸናል። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ደምለውን እየጎተትኩ ውክልናውን ለመስጠት ነቀምቴ ፍርድ ቤት ሄድኩ።

ጸሐፊው ደምለው የሰጠውን የአጥቢያ ዳኛ የመታወቂያ ወረቀት አነበበና ሁለታችንን እያፈራረቀ አየን።

"አንቺ ጥሩነሽ ተሰማ ነሽ። እሱ ደምለው ፈይሳ ነው። በእናት ነው የምትገናኙት?"

እኔ ዲጋ ገበያ በርበሬ ልሸጥ በሄድኩበት ሳምንት፣ ለካ ኦቦ ፈይሳ በሽማግሎች ፊት በጉዲፈቻ ልጃቸው አድርገውት ኖሯል። ስማቸውን ሰጥተውታል። እሱም ሳይነግረኝ እሺ ብሎ ተቀብሏል!

"የአንድ አባት ልጆች ነን!" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት።

"እንግዲያው ከቡሬ ዘመድ አምጪና ይመስክር።"

"ያለን ዘመድ አጎታችን ነው። የምንከሰውም እሱን ነው።"

"ይሁን፣ እሱም ዘመድ ነው" አለኝ ብዕሩን እያጠቀሰ።

ደጅ ስንወጣ ሰው እስኪሰበሰብ ጮህኩ። "አባትህን ካድከው!"

"አልካድኩም እታለም። አንድ ጨመርኩ እንጂ።"

"እንግዲያው ቡሬ ሂድና ችሎት ቁም! የተሰማ ልጅ ነኝ በላቸው!"

"ከአጎቴ ጋር ለመሬት ችሎት አልቆምም። ይብላው" አለኝ። የራሱን ድርሻ ይብላው አለ እንበል፤ የእኔስ? የእናቴስ? አባታችን ዕድሜ ልኩን ድንጋይ የለቀመበትን መሬት አንድ ቃል ተናግሮ ለሌባ ይሰጣል? ሰው ሁሉ ደግሞ ደምለው ደግ ነው ይለኛል! የማይጣላ ሁሉ ደግ ነው እንዴ?

በደብዳቤ በተቀጣጠርንበት ቀን እናቴ ደብረ ማርቆስ፣ እኔ ነቀምቴ ቴሌፎን ቤት ተሰልፈን በስልክ ተገናኘን። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩላት። ትረግመዋለች ብዬ ስጠብቅ፦

"ሰውየው ደግ ናቸው?" አለችኝ።

"ደግስ ደግ ናቸው፤ ግን እማዬ..."

"ሲታመም ያስታምሙታል?"

"ያስታምሙታል። ርስቱ ግን! የአባዬ ስም!"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል።

"እሱስ ሰው አገኘ" አለች በመጨረሻ። "አንቺስ ልጄ? እዚያ አገር ማን አለሽ?"

ከዓባይ ወዲህ ያለውን ሰው ሁሉ በልቤ ዞርኩት። የተጣላሁትን ሁሉ አገኘሁ፤ ስሙን የምጠራላት ግን አንድ አጣሁ። "ይሰማሻል?" ትላለች እናቴ፣ መስመሩ የተበላሸ መስሏት እየጮኸች። "ጥሩዬ፣ ይሰማሻል?"

አጥርቼ እሰማት ነበር።